የቅዳሜው አርባ ደቂቃ

ውሃልክ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሸሚዝ መቀየር ጀመረ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው።

ውሃልክ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። አናጢ ነው። እሱ የገጠመውን በር በትንሽ ጣት ገፋ ካደረጉት ኮሽ ሳይል ሄዶ ይዘጋል። ስሙን ያወጡለት ግን እጁን አይተው ብቻ አልነበረም። «ማክሰኞ ይደርሳል» ካለ ማክሰኞ ነው። «እንጨቱ አልደረቀም፣ አልነካውም» ካለ፣ ብትለምኑት ብታለቅሱበት አይነካውም። ሰው ሲከራከር እንኳ «እስቲ ውሃልክ ይጠየቅ» ይባል ነበር፤ እሱ ካለ አለ ነው።

ታዲያ አናጢን ቅዳሜ ከሰዓት ምን ሸሚዝ ያስቀይረዋል? ከአንገቱ እስከ ጫማው ሰጋቱራ ለብሶ የሚውል ሰው፣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ ይታጠባል፣ ፀጉሩን ያራግፋል፣ ሚስቱ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ይለብስና «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። የት? «እንጨት ልይ ብዬ» ይላል። እንጨት በነጭ ሸሚዝ! አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጣውላ እንኳ ሳይጭን፣ ባዶ መኪና እየነዳ ይመለሳል።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። የስንቱን ቤት ገመና ስታይ የኖረች ሴት ስለሆነች ለመጠየቅ አትቸኩልም። ሸሚዙን ተኩሳ ሰጠችው። አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ፣ ሦስት። በአራተኛው፣ «ዛሬም እንጨት?» አለችው።

«ዛሬም» አላት፣ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ቀና ሳይል።

እኔ ልንገራችሁ፤ ሸሚዙ ለሴት አልነበረም። ለወንበሩ ነበር። ከሰባት ወር በፊት የገዛው አዲስ ፒካፕ ደብል ካቢን ነው፣ የኋላ መቀመጫ ያለው፤ ወንበሩም ነጣ ያለ ቆዳ ነው፤ ሰጋቱራ አንዴ ከገባበት በምን ይወጣል? ስለዚህ ውሃልክ፣ በአዘቦት ቀን ሱቁ ውስጥ ልብስ ቀይሮ እንጂ፣ በሥራ ልብሱ ተቀምጦበት አያውቅም። ከጎኑ ያለውን ወንበር፣ ራስ የሚያርፍበትን ክፍል፣ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ባሮጌ ነጭ ሻሽ ጠቅልሎታል። ሰው ልጁን እንዲህ አይጠቀልልም።

ከዚህ በፊት የነበረችው መኪና ታጋሽ ትባላለች። የሚስቱ አባት ፒካፕ ነበረች፤ እሳቸው ሲያርፉ ለልጃቸውና ለባሏ ትተዋት ሄዱ። እውነት ከተነገረ፣ ታጋሽ የሚለው ስም የሚገባው ለመኪናዋ ሳይሆን ለነጂዋ ነበር። በወር አንዴ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ዝናብ ሲጥል የግራ በሯ አይዘጋም፣ ሲያባራ አይከፈትም። ግን ስትታመም ትናገራለች። ስትጮህ የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጊያዋ ነው፤ ስታስነጥስ ነዳጅ አንቋት ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም መካኒክ ነው፤ ገና ከሩቅ ስትመጣ ድምጿን ይሰማና የሚያስፈልገውን ቁልፍ መርጦ በጋራዡ ደጃፍ ይጠብቃታል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ነው። አንዳንዴ በሽቦ፣ አንዳንዴ በመዶሻ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም በእህቱ የፀጉር ማስያዣ አስነስቷታል።

አባትየው ደግሞ ከመኪናዋ ጋር አንድ ሕግ አውርሰዋል፦ ኋላዋ ባዶ ከሆነ መንገድ ላይ ሰው አታልፍም። ውሃልክ ይህንን ሕግ ሃያ ዓመት ጠብቋል። ድንች የተሸከመውንም፣ ፍየል የሚጎትተውንም፣ ሰክሮ መንገዱ የጠፋበትንም ጭኗል።

ታዲያ ሰው ይሰለቻል። አንድ ማክሰኞ ታጋሽ ዳገት ላይ ቆመች፤ ኋላዋ ላይ የደንበኛ ቁም ሣጥን ነበር፣ ዝናቡም መጣ። ቁም ሣጥኑ አብጦ ሐሙስ ደረሰ። ደንበኛው ሣጥኑን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «አንተም እንደ ሌላው ሰው ሆንክ?» አለው። ይቺ ቃል ውሃልክን አጥንቱ ድረስ ገባች። ቃሉን ያስበላችው መኪናዋ ናት፤ ስለዚህ መኪናዋ ትሂድ። በወሩ ታጋሽን ለብሎኬት ሻጭ ሸጣት። ሚስቱ «የአባቴ እጅ ያረፈበት መሪ ነው» አለች፤ ወንድሟም «እስቲ አስብበት፤ አዲሶቹ ሲበላሹ እዚህ የሚነካቸው የለም» አለ። አልሰማም።

አዲሱን ይዞ የመጣ ቀን የሠራውን ሥራ ባይሠራ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልኖረ። ቀጥ ብሎ ወደ መካኒኩ ጋራዥ ነዳው። አምስት ስድስት ደንበኛ ቆሟል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ ውሃልክ ቀለቡን እንደሚነጥቁት ሰው ቀድሞ ደረሰ።

«ጋሼ፣ አትንካው። ይሄ በመዶሻ የሚነሳ አይደለም። አእምሮ ያለው መኪና ነው» አለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሰው ሳቀ። መካኒኩም ፈገግ አለ፣ ግን እጁን ሰበሰበ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለ። «አእምሮ ያለው ነገር ግን ያኮርፋል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናውን ዞሮም አይቶት አያውቅ።

ሐሰት አያሻም፣ መኪናው መኪና ነው። ዳገቱን ሲወጣ እንቅልፍ ይወስዳል፤ ፍሬኑ ሲያዝ የያዘ ነው፤ ዝናቡ በላዩ ሲወርድ ውስጡ አንዲት ጠብታ አትገባም። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቆመም። ማክሰኞ መልሶ ማክሰኞ ሆነ። ውሃልክ በየሄደበት፣ «እኔ እኮ ስንት ዓመቴን ለመካኒክ ሰጠሁ!» ሲል ከረመ።

በስድስተኛው ወር ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በራች። መኪናው አልጮኸ፣ አላስነጠሰ። ዝም ብላ በራች። ውሃልክ አጥፍቶ አስነሳው፤ በራች። ደግሞ ጸለየ፤ በራች። በሦስተኛው ቀን መኪናው ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡለት እንደ አህያ እምቢ አለ። ለቤተሰቡ «እንጨት ልገዛ ነው» አለና በየመንደሩ እየቆመ ግማሽ ቀን ነድቶ የሻጩ ድርጅት ጋራዥ ያለበት ትልቅ ከተማ ሄደ። የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ነበረች፤ ትንሽ ስለሆነች ውሸት አልመሰለችውም።

እጁ ላይ ጠብታ ቅባት የሌለበት ባለሙያ መኪናውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘና አነበበ።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይነዱታል?»

«ከሱቄ እስከ ደንበኛ ቤት ነው። ሦስትም አራትም ቢሆን።»

«ችግሩ እሱ ነው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። መኪናው በደንብ ግሎ ጥቀርሻውን ራሱ ያቃጥለዋል፤ ግን ለመጋል ረጅም መንገድ ይፈልጋል። በሳምንት አንዴ ዋናው መንገድ ላይ ያውጡት። አርባ ደቂቃ፣ ፈጠን ብለው፣ ሳይቆሙ። ሲጨርስ መብራቷ ትጠፋለች። መሃል ላይ ከቆሙ ግን ያቋርጥና እንደገና ከመጀመሪያው ነው።»

«ካላወጣሁትስ?»

ባለሙያው የማጣሪያውን ዋጋ ነገረው። ውሃልክ የሰማው ስላልመሰለው ድገምልኝ አለ። «ዕቃው ደግሞ እዚህ የለም» አለ ልጁ፣ «ሲታዘዝ ሁለት ወር ይፈጃል።»

ሁለት ወር ያለ መኪና! በታጋሽ ጊዜ ሁለት ወር ማለት ሁለት ብልሽት፣ ሁለት ግማሽ ሰዓት ነበር። አዲሱ አይበላሽም፤ ሲበላሽ ግን ምክንያቱን ሳይነግር ይዘጋል። የትኛው ይሻላል? ውሃልክ እየተመለሰ መንገዱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር፤ በየወሩ የምታስነጥስ ይሻላል ወይስ በየሳምንቱ ካልተናፈስኩ የሚል? ቢቸግረው ሳቀ። ከዚያ መካኒኩ ትዝ አለውና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። «አእምሮ ያለው ነገር ያኮርፋል።» ያን ሁሉ ሰው ፊት! አሁን ሄዶ «ጋሼ፣ አኮረፈ» ይበለው? መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ከሱቁ ጥቁር የኤሌክትሪክ ማጣበቂያ፣ ናስትሮ፣ ቆረጠና መብራቷ ላይ ለጠፈባት።

እንግዲህ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሸሚዝ መቀየር የመጣው እንዲህ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ሄዶ ሃያ ደቂቃ ይመለሳል። የሚያደርሰው ዕቃ የለ፣ የሚጠይቀው ዘመድ የለ። ሲጨርስ የናስትሮውን ጫፍ በጥፍሩ ቀና አድርጎ ያያል፤ ጠፍታለች። የጋለ ብረት ሽታ በመስኮት እየገባ፣ ትልቁ ሰው መኪናውን አንሸራሽሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በአምስተኛው ቅዳሜ ሃያ አምስት ደቂቃ እንደነዳ፣ ከፊት ለፊቱ የመንገዱ ዳር ላይ አንዲት ሴት እጃቸውን አወዛወዙ። ሁለት ዘንቢል እግራቸው ሥር ተቀምጧል። ሲቀርብ ለያቸው፤ የሚስቱ አክስት ናቸው። ሚስቱን ከእናቷ ሞት በኋላ ያሳደጉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቷ! አውቀውታል፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል፣ ዘንቢሉንም አንስተዋል።

አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ከቆመ ከመጀመሪያው ነው። ደግሞ ካሳፈራቸው «ከየት ነው የምትመጣው? ምን ልትሠራ ሄድክ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ምላሳቸውን እንኳን መኪና አውሮፕላንም አይቀድመው። ውሃልክ ይህንን ሁሉ ያሰበው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለች ጊዜ ነው። አንገቱን ወደ ሌላው ወገን ዘወር አደረገና አለፋቸው። በመስታወቱ ሲያይ ዘንቢላቸውን እንደያዙ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አሥራ አምስት ደቂቃ እንዴት እንደነዳው አያውቅም።

በማግስቱ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አክስቷና መካኒኩ አብረው ቤቱ መጡ። አክስቷ ጉልበታቸውን በፎጣ አስረዋል። መካኒኩ ወንበር ስቦ ጥግ ተቀመጠና በክብሪት እንጨት ጥፍሩን መጥረግ ያዘ። ሚስቱ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር» አሉ አክስቷ። «መጨረሻ ላይ ማን እንዳነሳኝ ታውቃለህ? ብሎኬት ሻጩ፣ በታጋሽ! ያቺ የወንድሜ መኪና እየሳለች መጥታ አጠገቤ ቀጥ አለች። አንተ ግን እያየኸኝ አለፍክ። እሱስ ግድ የለም፣ ጉልበቴ ይችለዋል። ግን ለምን እንዳለፍክ አይቻለሁ። ከጎኑ ሴት ነበረች፣ ልጄ። ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ቀጥ ብላ የተቀመጠች። እኔን ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም፣ ምን ያለች ንቀተኛ!»

ሚስቱ በሩን ለቃ ፊቱ ቆመች።

«እውነት ነው?» አለች ሚስቱ።

እዚህ ላይ ሰው ምን ይላል? «ሻሽ የለበሰ ወንበር ነው» ይላል። ሦስት ቃል፣ አራት ቃል ነው። ውሃልክም አፉን ከፈተ። ግን ወንበሩን ካነሳ መኪናውን ሊያነሳ ነው፤ መኪናውን ካነሳ ማጣሪያውን፤ ማጣሪያውን ካነሳ ደግሞ ያ ጥግ የተቀመጠው ሰው ከክብሪቱ እንጨት ላይ ዓይኑን ያነሳል። «ሴት» ካለ ኃጢአተኛ ነው። «መኪና» ካለ ቂል ነው። ኃጢአተኛ ብዙ ነው፣ ይቅር ይባላል፤ ቂል ግን ስሙ አይለቀውም። እንዲህ ብሎ ነው ያሰበው፤ የተረገመ ሐሳብ!

«አዎ» አለ።

ሚስቱ ጓዳ ገብታ የሥራ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ ተረኛ እንዳልሆነች ሁሉም ያውቃል። አክስቷ እያነከሱ ተከተሏት።

መካኒኩ ቀረ። ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ውሃልክ በመስኮት አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲሱ መኪና ኋላ ተንበርክኮ ጣቱን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከቶ አወጣው። ከዚያ በሩን ከፍቶ፣ ልብሱ ቅባት ስለሆነ ሳይቀመጥ አንገቱን ብቻ አስገባ። ሻሹን አየ። ናስትሮውን አየ፣ ጫፉን አነሳ፣ መልሶ በአውራ ጣቱ ደህና አድርጎ ለጠፈ። ተመለሰና በሩ ላይ ቆመ።

«ስንት ደቂቃ ታወጣዋለህ?»

ውሃልክ አንገቱን ደፋ። «አርባ።»

«በየሳምንቱ?»

«በየቅዳሜው።»

«ደግ ነው። ከዚያ ካነሰ አያነድም።» ጥቀርሻ የነካ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። «እዚህ ከተማ እንዳንተ ያሉ አራት ሰዎች አሉ። አራቱም በጓሮ በር እየመጡ ይጠይቁኛል። አልሳቅኩባቸውም። አንተም ብትመጣ አልስቅም ነበር።»

«ጋሼ…»

«እኔ እንዳልስቅ ብለህ እህቴን አስለቀስካት?»

ውሃልክ ፊቱ ሲግል፣ ጆሮው ሲግል ይሰማዋል። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ያለ ሐፍረት ቀምሶ አያውቅም፤ ተሰድቦ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«እኔ አልነግርልህም» አለ መካኒኩ እየወጣ። «የዋሸኸው አንተ ነህ።»

ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ሄደ። ሚስቱ ማዋለጃ ክፍል ነበረችና ከምጥ ጠባቂ ባሎች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለ ወጣት ሰው ላቡን እየጠረገ፣ «የመጀመሪያህ ነው?» አለው። ውሃልክ ስለ ውሸቱ እያሰበ ስለነበር «አዎ» አለ። «አይዞህ» አለው ሰውየው፣ «እኔም በሦስተኛዬ ነው የለመድኩት።»

ሚስቱ ጓንቷን እያወለቀች ስትወጣ ተነሳና ኮሪደሩ ላይ፣ ቆሞ፣ ሁሉንም ነገራት። ማጣሪያውን፣ ጥቀርሻውን፣ አርባውን ደቂቃ፣ ወንድሟን እንዳፈረ። እየተናገረ ለራሱ እንኳ እንዴት እንደሚያስቅ ይሰማዋል። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ይኸውልህ» አለችው። «ሃያ ዓመት ዋሽተኸኝ አታውቅም። እሁድ ዕለት «አዎ» ስትል በአንድ ቃል ያመንኩህ ለዚህ ነው። ሌላ ወንድ ቢሆን ኖሮ እጠራጠር ነበር። አሁን ደግሞ መኪና ላናፍስ ነው የምሄደው ትለኛለህ፤ ምነው፣ መኪናው የሚናፈስ ሕፃን ነው?»

«ወንድምሽን ጠይቂው።»

«ወንድም ጋሼ ለትዳሬ ብሎ ይዋሽልሃል። እሱን አታምጣብኝ።»

«ሻሹ ደግሞ…»

«አትጨምር!» ድምጿ ተሰበረ። ከውስጥ ተጠራች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «መብራቱ ይጠፋል አልክ አይደል? ቅዳሜ እመጣለሁ። ሲጠፋ በዓይኔ ልይ። ካልጠፋ ዕቃዬን ጭነህ አክስቴ ቤት ታደርሰኛለህ።»

የዚያን ሳምንት ውሃልክ ሁለት በር አጣሞ ገጠመ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መጣች። የተተኮሰ ሸሚዝ አልነበረም፤ በሥራ ልብሱ፣ ከነሰጋቱራው፣ ነጣ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ናስትሮውን ከማለዳ ጀምሮ ነቅሎታል፤ መብራቷ ብርቱካን መስላ ትታያለች። የፊተኛውን በር ከፈተላት።

«እዚህ ይሻልሻል፣ መብራቷም ትታይሻለች።»

ሚስቱ ነጩን ሻሽ አየችና የኋለኛውን በር ከፈተች። «ከዚህም ትታየኛለች። ፊት ተይዟል።»

ነዳ። ከሻሹ ኋላ ተቀምጣለች፤ ፊቷ በመስታወቱ ይታየዋል፣ ዓይኗ ግን አይገኝም። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ዞረው ሲመለሱ የጋለው ብረት መሽተት ጀመረ፤ «ይሸትሻል?» ሊላት ፈልጎ ተወው፤ ያመነችውን አፍ ራሱ አበላሽቶታል። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ የተጠቀለለ የስፖንጅ ፍራሽ የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ነፋሱ ከነፍራሻቸው ያንገዳግዳቸዋል። እጃቸውን አነሱ።

ዘጠኝ ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ዝም ብሎ ቢነዳ መብራቷ ትጠፋለች፣ ሚስቱ ቤቷ ትቀራለች። ማንም አይፈርድበትም፤ ሌላ መኪና ይመጣላቸዋል። በመስታወቱ ሲያይ ሚስቱ መብራቷን እያየች አይደለም። ሽማግሌውን እያየች ነው፤ የታጋሽ ባለቤት ልጅ ናት። ውሃልክ እውነተኛ መሆኑን ሊያሳያት ብሎ፣ በአባቷ ሕግ ላይ፣ ዓይኗ እያየ፣ ሁለተኛ ሰው ሊያልፍ ነው።

ፍሬን ያዘ። ሞተሩ የያዘው ጉርምርምታ ወረደ፤ ሽታው ቀስ በቀስ ጠፋ። መብራቷ እንደበራች ናት።

ሽማግሌው ፍራሹን ኋላ ወርውረው የፊቱን በር ከፈቱና ሻሹን ሲያዩ ቆሙ። «እዚህ የሚቀመጥ አለ እንዴ?»

«የለም፣ አባባ» አለ ውሃልክ። «ኖሮም አያውቅም።»

ገቡ፣ ተመቻቹ፣ ዳሽቦርዱን አዩ። «ልጄ፣ ይቺ የምትበራው ምንድናት? እንዳንቃጠል!»

ያኔ ውሃልክ ተናገረ። ለማያውቃቸው ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ይሄ መኪና በሳምንት አርባ ደቂቃ ካልተነዳ እንደሚያኮርፍ፣ ከቆመ እንደሚያቋርጥ፣ እሱ ይህንን መናገር አፍሮ መብራቷን በናስትሮ እንደሸፈነ፣ አሮጊት ዘመዱን ፀሐይ ላይ ጥሎ እንዳለፈ፣ ተጠይቆም ሴት አለችኝ እንዳለ።

ሽማግሌው አፋቸውን ይዘው ሰሙት። «መኪናዬ ያስቸግራል ላለማለት ሴት አለችኝ አልክ?»

«አልኩ።»

«እኔ ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ ሞኝ አይቻለሁ…» አሉና ከኋላ ሴት እንዳለች ትዝ ሲላቸው ዋጡት። «ታዲያ ዛሬ ሊጠፋልህ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ለምን ቆምክልኝ?»

«ኋላው ባዶ ነበር» አለ ውሃልክ።

ከኋላ አንዲት እጅ በሽማግሌው ትከሻ ላይ መጣችና የሻሹን ቋጠሮ ፈታች። ሚስቱ ሻሹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ ጫፉ ላይ ካውያ ያቃጠለው ቡናማ ምልክት አለ። ጣቷን ምልክቱ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ይሄ የኔ ሻሽ ነው» አለች። «ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ፣ ያንተን ሸሚዝ ስተኩስ።»

ውሃልክ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«አክስቴ ያየችው እንግዲህ እኔን ነው» አለች። የሳቅ ይሁን የለቅሶ ያልለየ ድምፅ ነበር። «አባባን እናድርሳቸው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምር። ሲጠፋ አክስቴ ቤት ነው የምንሄደው፤ ጉልበቷ ሥር ቁጭ ብለህ አሁን እንደነገርካቸው ትነግራታለህ። ወንድም ጋሼም ጋ፣ ደንበኞቹ ባሉበት። አርባ ደቂቃ ነበር ያልከው?»

«አርባ» አለ ውሃልክ። በመስታወቱ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ማርሽ አስገባና ሰዓቱን ከዜሮ አስጀመረ።